ምኒልክ ሒሳብ ከፈሉ፤ ከዚያስ?

ስለ ጣይቱ ሆቴል የሚሠራ ቪዲዮ ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ጨዋታ ይጀምራል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴሉን ከፈቱ፤ ሰው ግን ምግብ በገንዘብ መግዛት ነውር መስሎት ሳይመጣ ቀረ። ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄዱ፣ በሉ፣ ሒሳብ ከፈሉ፤ በቃ፣ አገሩ ለመደ። አተራረኩ ከሰው ሰው ይለያያል እንጂ መጨረሻው ያው ሳቅ ነው።

ጨዋታውን አልጠላውም። የማይዋጥልኝ የምንስቅበት ምክንያት ነው። የምንስቀው አያቶቻችን ሆቴል እንኳን የማያውቁ «ፋራ» ሆነው ስለሚታዩን ነው። እስኪ ከነሱ ወገን ሆነን እንየው። መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ሲቆም ማደሪያና እራት በሚያገኝበት አገር፣ ለእንጀራ ዋጋ መጥራት ስስት ነው። ንግድ ራሱ የተናቀ ሙያ ነበር። ነገሩ አለማወቅ አልነበረም፤ ሌላ ሥርዓት ነበር።

ደግሞ ጀግናውን እዩልኝ! ከፋዩ ምኒልክ ናቸው። ሻጯስ? ግብር በማብላት የታወቁ፣ የቤተ መንግሥቱን ጓዳ የሚመሩ ንግሥት ያንኑ ሙያ ለገበያ አወጡት። ግብር ታማኝነት ይገዛል፤ ሆቴል ብር ይሰበስባል። በዚያ ዘመን ለአንዲት እቴጌ የቱ ይከብዳል፣ ሒሳብ መክፈል ወይስ መቀበል? ለእኔ የታሪኩ እምብርት እዚህ ጋ ነው፤ ቪዲዮዎቹ ግን ዘለውት ወደ እንጨት ደረጃውና ወደ በረንዳው ይሮጣሉ።

ቦታውም ይረሳል። ሆቴሉ የተሠራው በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ይቆም ከነበረው ትልቅ ገበያ ብዙ ሳይርቅ ነው። ነጋዴ፣ የውጭ አገር ሰው፣ ባለ ጉዳይ፣ ሁሉም እዚያው ነው የሚርመሰመሰው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጣልያን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ሲያዛውር ሆቴሉ አንድ ጊዜ ጎረቤቱን አጣ። ተረፈ፤ ምክንያቱም ዙሪያው ፒያሳ ሆነ፦ ወርቅ ቤት፣ ሲኒማ፣ ካፌ። ከዚያ ደርግ ወረሰው፣ ኋላም ወደ ግል ዞረ። ጥር 3 ቀን 2007 እሳት ተነስቶ በግቢው ያለውን ጃዛምባ የተባለውን የጃዝ ቤት በላው፣ ከራሱ ከሆቴሉም አቃጠለ። የምናደንቀው እንጨት መሆኑን ያን ቀን ሁላችንም ያስታወስን ይመስለኛል። ሆቴሉ ታድሶ እንደገና ሠራ።

በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ብዙ ሰው «ጣይቱ ቅርስ ነው፣ አይነካም» ብሎ ተጽናና። እኔን ያስከፋኝ ይሄ መጽናኛ ነው። ሆቴል ሐውልት አይደለም። በእግሩ የሚመጣ ሰው ይፈልጋል፦ ከሱቁ ወጥቶ ምሳ የሚበላ፣ ቀጠሮ ይዞ ማኪያቶ የሚያዝ፣ አምሽቶ ሙዚቃ የሚሰማ። «ቅርስ» የሚለው ቃላችን ግድግዳ ይቆጥራል እንጂ ደንበኛ አይቆጥርም። በገበያ መሃል የተወለደ ቤት ያለ ሰፈር ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚባል የሚነግረን ታፔላ የለም።

እና የሚቀጥለው ቪዲዮ ሠሪ፣ እባክህ፣ ወይም እባክሽ፣ የምኒልክን ሒሳብ እዚያው ተዉትና ካሜራውን ከበረንዳው አውርዳችሁ ወጥ ቤት ግቡ። እዚያ ለዓመታት የሠራ ሰው ፈልጋችሁ፣ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ ማን እንደሚመጣ ጠይቁልኝ።