«መሬት» እና «ማሳ»፤ በአንድ የመኪና ቴፕ መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ

ከውጭ አገር የሚገቡ ዕቃዎች መመሪያ ወደ አማርኛ መመለሱ የሚደገፍ ሥራ ነው። ሆኖም ተርጓሚው ከእንግሊዝኛው ቃል በቀር የነገሩን ጠባይ ካላየ፣ ጉዳቱ ከወረቀት አልፎ ዕቃው ላይ እንደሚደርስ በቅርቡ በይጁቤ ለማየት ችለናል። የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደዚች ከተማ የሄድነው የእርሻ ቃላት ለመሰብሰብ ነበር፤ በምትኩ የኤሌክትሪክ ቃላት ይዘን ተመለስን።

አንድ ወጣት የባጃጅ አሽከርካሪ ዐዲስ ቴፕ ገዝቶ፣ በካርቶኑ ውስጥ ባገኘው ባለ አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ እየተመራ ራሱ ገጥሞት ኖሮ፣ ድምፅ አልሰጥ ቢለው ወደ ጠጋኝ አምጥቶት ደረስን። ጠጋኙ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ሲከተል፣ ከስፒከሩ የመጣ አንድ ጫፍ ከባጃጁ ብረት ጋር በብሎን ታስሮ አገኘ። «አንተ ልጅ፣ ይህን ማሳ ላይ እሰር ያለህ ማነው?» ሲል ጠየቀው። ልጁም ወረቀቱን አውጥቶ፣ «ምን ላድርግ ጋሼ፣ አሉታዊውን ከመሬት አገናኝ ይላል። ከመሬት እንዳልቀብረው ብዬ ብረቱ ላይ አሰርሁት» አለ።

ወረቀቱን ተቀብለን አነበብነው። ሰዋስዉ የሚነቀፍ አይደለም፤ ስሕተቱ ከስያሜዎቹ ላይ ነው።

በመጀመሪያ «መሬት» የሚለውን እንይ። አሜሪካውያን «ግራውንድ»፣ እንግሊዞች «ኧርዝ» ሲሉ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠሩበታል። አንደኛው የቤት ኤሌክትሪክ ለደኅንነት ሲባል ከአፈር ጋር የሚያያዝበት ሽቦ ነው። ሁለተኛው በተሽከርካሪ ውስጥ ኮረንቲ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የሻንሲና የቦዲ ብረት ነው። በጎማ ላይ የቆመ መኪና ከአፈር ጋር ጉዳይ የለውም። ሌሎች ቋንቋዎች ይህን ያውቃሉና ይለዩታል፤ ፈረንሳይኛ «ቴር»ን ከ«ማስ»፣ ጀርመንኛ «ኤርደ»ን ከ«ማሰ»፣ ጣልያንኛ «ቴራ»ን ከ«ማሳ» አይቀላቅልም። የጋራዥ አማርኛም ከካቻቢቴ፣ ከፒንሳ፣ ከካንዴላና ከሞተሪኖ ጋር «ማሳ»ን ከጣልያንኛ ሲወስድ ልዩነቱን አብሮ ወስዷል። እንግዲህ ተርጓሚው «ንጹሕ አማርኛ» ፍለጋ ብሎ ጠጋኙ የያዘውን ልዩነት አጥፍቶታል ማለት ነው። በዚያው ገጽ ዝቅ ብሎ «መሬቱ ደካማ ከሆነ ፉጨት ይሰማል» የሚል አለ። ጤፍና ስንዴ በሚዘራበት አገር ይህን የሚያነብ ሰው ማዳበሪያ እንጂ ብሎን መፍቻ አይፈልግም።

ከዚህ የከፋው «አሉታዊ» የሚለው ነው። ወረቀቱ የቴፑን ጥቁር ሽቦም፣ የስፒከሩን ጥቁር መስመር ያለበት ሽቦም በዚሁ አንድ ስም ይጠራቸዋል። የመጀመሪያው በእርግጥ ማሳ ላይ ይታሰራል። ሁለተኛው ግን አይታሰርም። በጥንቱ ቴፕ የስፒከሩ አንድ ጫፍ ብረት ላይ ቢታሰር ብዙ ጊዜ ጉዳት አልነበረውም፤ ዛሬ በሚሸጡት በአብዛኞቹ ግን ሁለቱም የስፒከር ሽቦዎች ከማጉያው የሚመጡ ናቸው፤ ቴፑ ሲበራ በእያንዳንዳቸው ላይ ከባትሪው 12 ቮልት ግማሽ ያህሉ ይገኛል። ከሁለቱ አንዱ ማሳ ከነካ ማጉያው ወይ ራሱን ያጠፋል፣ ወይ ይቃጠላል። የይጁቤው ልጅ ዕድለኛ ነበር፤ ሽቦው ሲፈታ ቴፑ ተናገረ። ኔጌቲቭ ሁሉ ማሳ አለመሆኑን ያልለየ ትርጉም ለሌላው እንዲህ ላይራራ ይችላል።

«ድምፅ ማጉያ» በሚለው ላይ ብዙ አንልም። ማይክሮፎኑም፣ አምፕሊፋየሩም፣ ስፒከሩም በዚሁ ስም ስለሚጠሩ፣ ወረቀቱ «ድምፅ ማጉያውን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝ» እስከ ማለት ደርሷል።

«አጭር ዑደት» ግን ለብቻው ይታይ። የእንግሊዝኛው ስያሜ የሚናገረው ኮረንቲ በስፒከሩ ወይም በአምፖሉ ማለፍ ሲገባው አቋርጦ ስለ መሄዱ እንጂ ስለ ሽቦ ርዝመት አይደለም። ልጁ ግን «አጭር ዑደት እንዳይፈጠር ተጠንቀቅ» የሚለውን አንብቦ፣ ሽቦው እንዳያጥር ሁለት ክንድ ያህል ትርፍ ጠምጥሞበት ነበር። ሕዝቡ ይህን ብልሽት «ኮንታክት» ይለዋል። ቃሉ በመጣበት ቋንቋ መነካካትን በጠቅላላው፣ ተፈላጊውንም ጭምር ሲያመለክት፣ በአማርኛ ጠብቦ ያልተፈለገውን መነካካት ብቻ ይዟል። ይህ የትርጉም መጥበብ ነውር አይደለም፤ ተርጓሚዎች ግን የእንግሊዝኛውን ቃል ባዩ ቁጥር «ኮንታክት» ብለው እንዳይመልሱ ያስጠነቅቃል። ደህናውን «መገናኛ» ማለት ይበቃል።

በ«ማሳ» ላይ ከባልደረቦቻችን የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቀዋለን፤ ገበሬው ከሚያርሰው ማሳ ጋር ይምታታል የሚል ነው። ጠጋኙን ራሱን ስለ ቃሉ ብንጠይቀው፣ «ያው መሬት ማለት አይደል?» ብሎናል። የቃላት ሰብሳቢ እዚህ ላይ መንቃት አለበት፤ ተናጋሪው በቃሉ በትክክል ሲሠራበት ምንጩን ግን ሊስት ይችላል። ሁለቱ ቃላት የገጠሙት በድምፅ ብቻ ስለሆነ በሁለት ርእስ ሊገቡ ይገባል። በዚያው ቀን ጠጋኙ «ማሳው ላልቷል» ሲል ማንም ወደ እርሻ አልሮጠም፤ የብረቱን ቀለም ፍቆ፣ የቴፑን ጥቁር ሽቦ አጥብቆ፣ ቴፑ እየዘፈነ በሽቦው ጫፍና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ያለውን ቮልት በቴስተር ለካ። ከሞተሩ ጋር ከፍ ዝቅ ይል የነበረው ፉጨትም ቆመ።

በበኩላችን ለመዝገቡ የምናቀርበው የሚከተለውን ነው፤ «ማሳ (2)፤ ስም፤ ከጣልያንኛ። በተሽከርካሪ ውስጥ ኮረንቲ ወደ ባትሪ የሚመለስበት፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የተያያዘ ብረት። ምሳሌ፤ ማሳው ስለላላ ቴፑ ያፏጫል።» ከሥሩ «ኔጌቲቭን ተመልከት» የሚል ጥቆማ እንዳይጨመርበት እንጠይቃለን፤ የወረቀቱ ስሕተት የጀመረው ሁለቱን አንድ ከማድረግ ነውና።