ስማርቱ ቬንትሌተር ከሰልን ከእጣን ይለያል?

በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው አንድ፣ በጣሊያንኛው ሌላ ይል እንደነበር በታሪክ ትምህርት ተምራችኋል። ጦሱም እስከ ዓድዋ ዘለቀ። የቤት አየር ለመቀየር የሚሸጡ ገመድ አልባ መሣሪያዎችም ተመሳሳይ ጣጣ አለባቸው፤ ላያቸው ላይ የተጻፈውና ውስጣቸው የሚለካው አንድ ላይሆን ይችላል።

አሠራራቸው ቀላል ነው። ሴንሰሩ የክፍሉን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል፤ ቁጥሩን በዚግቢ ወይም በዋይፋይ ይልካል፤ ከ1000 ፒፒኤም (ከሚሊዮኑ አንድ ሺህ እጅ) ሲያልፍ ቬንትሌተሩ ይነሳል። ሙቀት እንዳያመልጥ ተደፍነው ለሚሠሩ የአውሮፓ ቤቶች ይሄ ጥሩ ነው። የውጭው አየር 420 ፒፒኤም ገደማ ስለሆነ፣ 1000 ደረሰ ማለት ክፍሉ በሰው ትንፋሽ ታፍኗል ማለት ነው።

እሺ፣ ይህንኑ መሣሪያ ውጫሌ አንድ ቤት ውስጥ እንግጠመው። የክረምት ምሽት ነው፤ በር ተዘግቷል፤ ቡና በከሰል እየፈላ ነው። እዚህ የሚያሰጋው ትንፋሽ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ጭሱ ሲያልቅ «አሁን ችግር የለውም» ብለን እናስገባዋለን አይደል? ፍሙ ግን ጭስ ባይኖረውም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም።

ታዲያ ሴንሰሩ ምን ያደርጋል? ብዙዎቹ ርካሽ ሴንሰሮች ካርቦን ዳይኦክሳይድን ጭራሽ አይለኩም፤ አየር ላይ ያሉ ጋዞችን በጅምላ «አሽትተው» ቁጥሩን በግምት ይጽፋሉ። ቡና ሲቆላና እጣን ሲጨስ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል። ሰውም ይሰለቸውና ያጠፋዋል። በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠሩት ውድ ሴንሰሮች ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በትክክል ይለካሉ፤ ሞኖክሳይዱን ግን አያዩትም።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ትእዛዝ የሚቀበሉት በኢንተርኔት ዞሮ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አስታውሱ። መብራት ሲጠፋስ? ቬንትሌተሩ ይቆማል፤ ከሰል የሚያስፈልገን ደግሞ ያኔ ነው። ቢሠራም እንኳ በርና መስኮቱ ከተዘጋ አዲስ አየር የሚገባበት ስለሌለ ብዙም አይቀይርም።

እና ቴክኖሎጂውን እንጣለው? አይ፣ ቅደም ተከተሉን እናስተካክል። መጀመሪያ ከታች አየር የሚያስገባ፣ ከላይ የሞቀውን የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኑር፤ ሙቅ አየር ስለሚቀል ያለ መብራትም ይወጣል። ቀጥሎ በባትሪ የሚሠራ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ራሱን የሚለካ ማንቂያ። ቬንትሌተሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ እሱም ያለ ኢንተርኔት እዚያው ቤት ውስጥ የሚታዘዝ ይሁን። ስትገዙ ሻጩን «ምንድን ነው የሚለካው?» በሉት። ማንቂያ ቢኖራችሁም ባይኖራችሁም፣ ከመተኛታችሁ በፊት ከሰሉን ወደ ውጭ አውጡት።