ሥዕሉ ሌላ፣ ጽሑፉ ሌላ

ስለ ጥንታዊት ግብፅ ስናስተምር ፒራሚድና ቱታንክሃሙን ላይ መቆም ለምደናል። በዚህ ሴሚስተር ግን ከተማሪዎቻችን ጋር የንግሥት ሃትሼፕሱትን የፑንት ጉዞ ተመለከትን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት፣ ከሉክሶር ማዶ በደይር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ነው።

ቀራጩን ሳናደንቅ አናልፍም። በምሰሶ ላይ የቆሙና በመሰላል የሚወጣባቸው ጎጆዎች፣ ከነሥራቸው በቅርጫት የሚጫኑ የከርቤ ዛፎች፣ መርከቡ ላይ የወጡ ዝንጀሮዎች አሉ። ከመርከቦቹ በታች ያሉት ዓሦች እንኳ የቀይ ባሕር መሆናቸው ይለያል። ሄዶ ያየ ሰው ሥራ ይመስላል።

ጽሑፉ ላይ ስንደርስ ግን ቅር አለን። የፑንት ሰዎች ገበሩ ይላል። እንዴ! ሥዕሉ ላይ እኮ ግብፃውያኑም ዶቃ፣ መጥረቢያና ጩቤ ዘርግተው ቆመዋል። እኛ ይሄን ገበያ ነው የምንለው።

ፑንት የት ነበረች? ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ። ብዙዎቹ ከቀይ ባሕር ደቡብ፣ ከሱዳንና ከኤርትራ እስከ ሶማሊያ ባለው ምድር ይፈልጓታል። ይሄን ስንናገር ክፍሉ ተንጫጫ፤ ሁሉም «የእኛ ናት» አለ።

የፑንቱን አለቃ ሚስት ውፍረት ሲያዩም መጀመሪያ ሳቁ። ኋላ አንዷ ተማሪ «ስሟስ?» አለች። አቲ ይባላል፤ ባሏ ፓራሁ። ስማቸውን ግብፆች ጻፉልን፣ እነሱ ግን የተናገሩት በግብፆች አፍ ብቻ ነው።

መምህራን ሆይ፣ ስታስተምሩት መጀመሪያ ጽሑፉን በወረቀት ሸፍኑት። ተማሪዎቹ ያዩትን ይናገሩ፤ ከዚያ ግለጡት።