ስለ «ዲሞንስ ክረስት» ጨዋታ አጭር ሒስ

ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ለሱፐር ኒንቴንዶ ያወጣው «ዲሞንስ ክረስት» የሚገባውን ክብር ያላገኘ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ባለታሪኩ ፋየርብራንድ የተባለ ቀይ ጋኔን ሲሆን፣ ወገኖቹ በ«ጎስትስ ኤንድ ጎብሊንስ» ተጫዋቹን የሚያስመርሩ ጠላቶች ነበሩ።

በዝላይ ጨዋታ ዋናው ፍርሃት ገደል ነው። ፋየርብራንድ ግን ክንፍ አለው፤ እስከ ወደደ ድረስ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፣ በግድግዳም ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ደራሲዎቹ ፍርሃቱን ከገደሉ አንሥተው በጠላቶቹ ላይ ጥለውታል፤ በአብዛኛው ተሳክቶላቸዋል። ከሁሉ የሚደነቀው የዓርማዎቹ ነገር ነው። የምድርን ዓርማ ሲይዝ በትከሻው ገፍቶ መሰናክል ይሰብራል፤ መብረሩ ግን ይቀርበታል። አዲስ ኃይል የቀድሞውን የሚያስከፍል መሆኑ ተጫዋቹን እንዲያስብ ያስገድደዋል።

አንዳንዶች ጨዋታው አጭር ነው ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ነቀፌታ አይጸናም፤ አዲስ ዓርማ ይዞ ወደ ታለፈው ስፍራ የተመለሰ ሰው ያላየውን መንገድ ያገኛልና። ዓርማዎቹን ሳይሰበስብ ቸኩሎ ፋላንክስን የሚገጥም ሰው ግን ባዶ ፍጻሜ ይጠብቀዋል፤ ጥፋቱም የራሱ ነው።

እውነተኛው ጉድለት ሌላ ነው። ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚበረርበት ሰፊ ካርታ ለዓይን ያምራል እንጂ በውስጡ የሚሠራ ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህም የሚብሰው፣ መልክ ለመለወጥ በየጊዜው ጨዋታውን አቁሞ ዝርዝር መክፈት ማስፈለጉ ነው። የጨዋታው ምርጥ ሐሳብ መለወጡ ሆኖ ሳለ፣ በተለወጡ ቁጥር ውጊያው ይቋረጣል።