የአዘነ በቀለ-ተሰማ የዛፎች መጽሐፍ ለይፋት ቆላ የተክል ዳታቤዝ

ለአትክልተኞች የተዘጋጁ ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ የተሠሩት ክረምቱ በረዶ ለሆነ አገር ነው። ስለ አትክልቱ ቦታ አስቀድመው የሚጠይቁት የመጨረሻው ውርጭ መቼ እንደሚወርድ ነው። አሜሪካኖች የሚመሩበት የተክል ዞን ካርታም የሚለካው በዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ሌሊት ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው የይፋት ቆላ ከተማ ሸዋ ሮቢት ይህ ጥያቄ መልስ የለውም። እዚያ ችግኝ የሚያጠፋው የበልግ መቅረት፣ የክረምት ቀድሞ መውጣት፣ የመስኖ ተራ መዘግየት ነው። ስለዚህ በይፋት ቆላ የራሱን የተክል ዳታቤዝ ማደራጀት የሚፈልግ ችግኝ ጣቢያ ወይም የግብርና ባለሙያ ባዶ የኤክሴል ሠንጠረዥ ከፍቶ ዓምዶቹን ራሱ ቢሰይም ይሻለዋል። መነሻ የሚሆነው መጽሐፍ ደግሞ አለ።

መጽሐፉ አዘነ በቀለ-ተሰማ ስለ ኢትዮጵያ ጠቃሚ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች በእንግሊዝኛ ያዘጋጁት ነው። መጀመሪያ በ1993 እ.ኤ.አ. ከአን በርኒ እና ከቦ ቴንግናስ ጋር ወጣ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ሰፍቶ 17 የአየር ንብረት ቀጠናዎችን ይዞ በናይሮቢ ታተመ። በሁለተኛው እትም የአርትዖት ሥራ ላይ እንሰርሙ ቀልቤሳና ሰብስቤ ደምሰው ተሳትፈዋል። ከመጽሐፉ የማደንቀው ሥርዓቱን ነው። እያንዳንዱ ዝርያ በአንድ ዓይነት ቅጽ ይቀርባል፦ ሳይንሳዊ ስም፣ ቤተሰብ፣ በየቋንቋው ያለው መጠሪያ፣ የሚበቅልበት ቀጠና፣ ጥቅም፣ መልክ፣ አረባብ፣ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ምን እንደሚደረግለትና እንዴት እንደሚቀመጥ፣ እንክብካቤ። በወረቀት ላይ ያለ ዳታቤዝ ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ ሠንጠረዥ ለመገልበጥ የሚቀረው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚጠቅመው ቀጠናው ነው። አዘነ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ የሚለውን የገበሬውን አከፋፈል ይዘው በዝናብ መጠን ይከፍሉታል። ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ያለው ቆላ ዝናቡ ከ900 ሚሊ ሜትር ካነሰ ደረቅ፣ እስከ 1,400 ከሆነ እርጥበታማ፣ ከዚያ ካለፈ እርጥብ ይባላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ይህ አከፋፈል ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም። ሆኖም መስመሩ ለይፋት ሻካራ ነው። ከጣርማ በር ገደል ግርጌ ያለው መሬት አንድ ነው፤ ወደ አፋር በተጠጋ ቁጥር ዝናቡ እየሳሳ የሚሄደው ሜዳ ሌላ ነው። ሁለቱ «ቆላ» በሚል አንድ ቃል ከተመዘገቡ ዳታቤዙ ያሳስታል። በእኔ አስተያየት ከፍታ፣ ቀበሌ እና የውኃ ምንጭ (ዝናብ፣ የሮቢ ወንዝ መስኖ፣ ጉድጓድ) ለየብቻቸው ዓምድ ይገባቸዋል።

የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት የአማርኛ ስሞቹ በላቲን ፊደል መጻፋቸው ነው። ቀ እና ከ፣ ጠ እና ተ አይለዩም፤ ቁርቁራ የሚባለውን ዛፍ የማያውቅ ወጣት ባለሙያ «ኩርኩራ» ብሎ ቢመዘግብ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ስሙ በየትኛው ወረዳ እንደሚነገርም አልተገለጸም። በይፋት አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ስለሚገናኙ አንድ ዛፍ በአንድ ገበያ ሁለት ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል። አደጋው በኒም ላይ በግልጽ ይታያል። በብዙ ቦታ «ኒም» የሚባሉት ሁለት ዛፎች ናቸው፦ አዛዲራክታ ኢንዲካ እና ሜሊያ አዘዳራክ። የመጀመሪያው ቅጠል አንድ ጊዜ ብቻ ይከፋፈላል፤ የሜሊያው ደጋግሞ ይከፋፈላል። የመጀመሪያው ዘር በሳምንታት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል፣ የሜሊያው ግን ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ፍሬው ደግሞ ለሰውም ለከብትም መርዝ ነው። «ኒም» ብሎ አንድ ረድፍ ብቻ የከፈተ ችግኝ ጣቢያ ያልበቀለ ዘር ይታቀፋል፣ ከዚያ የከፋው ደግሞ መርዛማውን ፍሬ ለተባይ መከላከያ ብሎ ያከፋፍላል። ስለዚህ የረድፉ መለያ ሳይንሳዊው ስም መሆን አለበት፤ የአገሬው ስሞች በሌላ ገጽ ከተነገሩበት ቀበሌ ጋር ይያያዙለት።

ሳይንሳዊው ስምም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። መጽሐፉ ግራሮችን አካሺያ ይላቸዋል። በ2005 እ.ኤ.አ. የቪየና የዕፅዋት ጉባኤ ስሙን ለአውስትራሊያዎቹ ሰጠ፣ የ2011 የሜልበርን ጉባኤም አጸናው፤ የእኛዎቹ ቫቸሊያ እና ሴኔጋሊያ ሆኑ። ይህን በደራሲው ላይ አላሳብብም። ነገር ግን «የቀድሞ ስም» የሚል ዓምድ የሌለው ዳታቤዝ ከአሥር ዓመት በኋላ ከአዳዲስ ጽሑፎች ጋር አይገናኝም። ስም ለማጣራት በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ ስምንት ቅጽ መታየት አለበት።

«ጠቃሚ» በሚል ርዕስ የተሰበሰበ ሥራ ጉዳትን በሁለተኛ ደረጃ ማየቱ አይቀርም። ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ወደ አገራችን የገባው ይጠቅማል ተብሎ ነው፤ ዛሬ በጎረቤት አፋር የግጦሽ መሬት ወርሷል። በይፋት ዳታቤዝ የ«ጉዳት» ዓምድ ከ«ጥቅም» ዓምድ ጎን መቆም አለበት፤ ባዶ ከሆነም ማን እንዳላጣራው ይጻፍበት። የአካባቢው ሕይወት የሆኑት ማሾ፣ ማሽላና ሽንኩርት ከመጽሐፉ ርዕስ ውጭ ስለሆኑ በሌላ ሠንጠረዥ ይመዝገቡ።

ለይፋት ቆላ የተክል ዳታቤዝ ከዚህ መጽሐፍ የተሻለ መነሻ አላየሁም፤ እንዳለ ተገልብጦ ሲቀመጥ ግን አይበቃም። የዘር መልቀሚያ ወር፣ የተለቀመበት ዛፍ፣ የበቀለው ብዛት በየዓመቱ ሊሞሉ የሚችሉት በይፋቱ የቀወት ወረዳ ችግኝ ጣቢያዎች ነው። የመጽሐፉ ባለቤቶች ሦስተኛ እትም ካሰቡ ሁለት ነገር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ፦ የአገር ውስጥ ስሞችን በግዕዝ ፊደል ያትሙ፣ ጽሑፉንም ማንም ሊያወርደው በሚችል ሠንጠረዥ ይልቀቁ።