ከከሰል ጉድጓድ እስከ ባሌት መድረክ፤ «ቢሊ ኤልየት» ፊልም ሲመዘን

ኪነ ጥበብ የማን ናት? ይህ ጥያቄ በየዘመኑ ተነስቷል፤ በየዘመኑም መልስ ተሰጥቶበታል። ይሁን እንጂ መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት በአዳራሹ ወንበር ላይ የተቀመጡት እንጂ አዳራሹን የሚያሞቀውን ከሰል ከመሬት ሆድ ፈልፍለው የሚያወጡት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የቀረበው «ቢሊ ኤልየት» የተሰኘው የእንግሊዝ ፊልም ጥያቄውን ከኋለኞቹ ወገን ቆሞ ለማንሳት የሞከረ ሥራ ነው። ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ቢሆነውም ተመልሶ ሊታይና ሊመዘን የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የፊልሙ ደራሲ ሊ ሆል የኒውካስል ተወላጅ ነው፤ የሚጽፈውን አካባቢ ያውቀዋል። አዘጋጁ ስቲቨን ዳልድሪ ከቴአትር መድረክ የመጣ ባለሙያ ሲሆን፣ «ቢሊ ኤልየት» የመጀመሪያው ረጅም ፊልሙ ነው። የዳንሱን ንድፍ ያወጣው ፒተር ዳርሊንግ ነው። የቴአትር ሰው እጅ በፊልሙ ውስጥ በግልጽ ይታያል፤ ዕቃ ሁሉ ተግባር አለው፣ ሰው ሁሉ የሚገባበትና የሚወጣበት ምክንያት አለው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በደርሃም አውራጃ፣ በአንዲት የከሰል ማዕድን መንደር ነው። ዘመኑ 1984 እና 1985 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ተመልካች የ1977ቱ ድርቅ ዘመን መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። በመጋቢት 1984 የእንግሊዝ ብሔራዊ የከሰል ቦርድ 20 ያህል ጉድጓዶችን እንደሚዘጋና 20,000 ያህል የሥራ ቦታዎች እንደሚጠፉ አስታወቀ። በአርተር ስካርጊል የሚመራው የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር አድማ መታ። የማርጋሬት ታቸር መንግሥት ግን አስቀድሞ ከሰል አከማችቶ፣ ፖሊሱን አደራጅቶ ይጠብቅ ነበር። ትግሉ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በመጋቢት 1985 ያለ አንዳች ስምምነት አበቃ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ11,000 በላይ ሰዎች ታስረዋል። ፊልሙ የአንድ ልጅ ታሪክ ቢሆንም የተተከለው በዚህ አፈር ላይ ነው፤ ከዚህ አፈር ነቅሎ የሚያየው ተመልካች ግማሹን ብቻ ያያል።

ቢሊ የ11 ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ሞታለች፤ አያቱ አእምሮዋ ደክሟል፤ አባቱ ጃኪና ታላቅ ወንድሙ ቶኒ አድማ ላይ ናቸው። አባትየው በዚያ ችግር መካከል 50 ሳንቲም እየከፈለ ልጁን ቡጢ እንዲማር ይልከዋል፤ የቤተሰቡ ወንዶች ይጠቀሙበት የነበረውን አሮጌ የቡጢ ጓንትም አውርሶታል። በዚያው አዳራሽ ሌላኛው ጥግ ግን ሴት ልጆች ባሌት ይማራሉ። ባሌቱ ከቡጢው ጋር አንድ ጣሪያ ስር የገባበት ምክንያት ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የቀድሞው የባሌት ክፍል ለአድመኞቹ ማዕድ ቤት ተሰጥቷል። እንግዲህ ቢሊን ከባሌት ጋር ያገናኘው ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ አድማው ነው። ደራሲው ይህን በአንዲት አጭር ንግግር አስነግሮ ያልፋል፤ የታሪኩ ቁልፍ ግን በዚያች ንግግር ውስጥ ተቀምጧል።

ልጁ ጓንቱን አውልቆ ከልጃገረዶቹ ተርታ ይቆማል። ሲጋራ ከአፏ የማይለየው መምህርቷ ወይዘሮ ዊልኪንሰን ተሰጥዎውን ታውቅለታለች፤ አባቱ ደርሶበት ሲከለክለው ደግሞ ያለ ክፍያ በስውር ታስተምረዋለች፤ ለንጉሣዊው የባሌት ትምህርት ቤት ፈተናም ታዘጋጀዋለች። በፈተናው ዕለት ቶኒ በፖሊስ ይያዛል፤ ቢሊም ፈተናው ያልፈዋል። የታሪኩ ግጭት የሚበረታው ከዚህ በኋላ ነው።

የፊልሙ ጥንካሬ በመጀመሪያ የሚታየው በምስል አነጋገሩ ነው። የመምህርቷ ልጅ ከቢሊ ጋር እያወራች በመንገድ ስትሄድ በእጇ የያዘችውን እንጨት በግድግዳው ላይ እያንቋቋች ትጎትታለች፤ ግድግዳው ሲያልቅ እንጨቱ በተርታ በቆሙ ፖሊሶች ጋሻ ላይ መንቋቋቱን ይቀጥላል። ልጅቷ አትደነግጥም፤ ወሬዋንም አታቋርጥም። አንድ መንደር በፖሊስ መከበቡን እንደ አጥር ግድግዳ መልመዱን ለመግለጽ ከዚህ የበለጠ ቃል አያስፈልግም። እንዲሁም ቢሊ በንዴት የሚደንስበት ትዕይንት አለ፤ ከቤቱ ጓሮ ተነስቶ በጡቡ መንገድ ላይ እየረገጠ ወርዶ በመጨረሻ ከቆርቆሮ አጥር ጋር ይጋጫል። በዚህ ዳንስ ውስጥ የባሌት ልስላሴ የለም፤ ያለው የታሰረ ሰው መፈራገጥ ነው። የዳንሱ ንድፍ የልጁን እንቅስቃሴ ከመንደሩ ጠባብነት ጋር እያታገለ ስለቀረጸው፣ ቅርጹ ይዘቱን ተሸክሞ ይሄዳል።

በፈረንጆቹ ገና አባትየው የሟች ሚስቱን ፒያኖ በመዶሻ ሰባብሮ ለማገዶ ያነድደዋል። ጉልበቱን ለማገዶ የሚሆን ከሰል ሲያወጣ የኖረ ሰው ቤቱን የሚያሞቅበት ከሰል አጥቶ ዜማን አነደደ። በዚያው የበዓል ሌሊት ቢሊ በባዶው የቡጢ አዳራሽ ውስጥ በአባቱ ፊት ይደንሳል፤ አንዲት ቃል ሳይናገር በእግሩ ይሞግታል። አባትየው ዞሮ ይወጣል፤ የሚሄደውም ወደ መምህርቷ ቤት ነው። የሚጠይቃትም ዋጋውን ነው። ልታግዘው ስትል ግን እንቢ ይላል፤ ልጁ የእርሱ ነው።

ከዚያ የፊልሙ ታላቅ ትዕይንት ይከተላል። ጃኪ ገንዘብ ለማግኘት የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ወደ ሥራ መመለስ። የአድማ ሰባሪዎቹን አውቶቡስ ይሳፈራል። ጓደኞቹ በሚጮኹበት፣ እንቁላል በሚወረወርበት ሰልፍ መካከል ሲያልፍ የገዛ ልጁ ቶኒ በመስኮቱ ያየዋል። ቶኒ አጥሩን ጥሶ ይደርስበታል፤ አባትም ልጅም ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። አባትየው የሚለው ለትንሹ ልጅ ዕድል ልስጠው ነው፤ ታላቁ ልጅ የሚለው ይህን ሁሉ ካየን በኋላ እንዲህ አይሆንም ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። ድራማ የሚባለው ነገር የሚወለደው እውነት ከሐሰት ሲጋጭ ሳይሆን እውነት ከእውነት ሲጋጭ ነውና፣ ይህ ትዕይንት ፊልሙን ከተራ የስኬት ተረት ከፍ ያደርገዋል።

ደራሲው ግጭቱን የፈታበት መንገድም ሊመሰገን ይገባዋል። የጉዞው ገንዘብ የሚገኘው በክህደት አይደለም፤ ከአድመኞቹ ከየኪሳቸው በሚወጣ ሳንቲምና አባትየው የሟች ሚስቱን ጌጣጌጥ በመያዣ በሚሰጥበት ብድር ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ አንበሳውን ማሰር ያልቻለው ድር አንድ ልጅ ለማሳለፍ በቃ። ቶኒ አባቱን ከአጥሩ መልሶ ያዳነው አድማውን ብቻ ሳይሆን የወንድሙን ጥበብ ጭምር ነው። በወገን ክህደት የተገዛ ዳንስ ቢሊን ዕድሜ ልኩን በእግሩ ላይ እንደ ሰንሰለት በከበደው ነበር።

በትወና ረገድ ጄሚ ቤል የቢሊን ሚና የተጫወተው በመድረክ ብልጠት ሳይሆን በልጅነት ቅንነት ነው። እርሱም የዚያው የሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ልጅ ነው፤ ዳንስ የጀመረው በሕፃንነቱ ነው። በ2001 የብሪታንያ የፊልም አካዳሚ ምርጥ ተዋናይ ብሎ ሸልሞታል። ጁሊ ዋልተርስ መምህርቷን ርኅሩኅ መልአክ አላደረገቻትም፤ ያልተሳካ ሕይወቷን በምፀት የምትሸፍን፣ ተማሪዋ ከሄደ በኋላ በዚያው አዳራሽ እንደምትቀር የምታውቅ ሴት አድርጋ ቀርጻታለች። ጋሪ ሉዊስ በአባትየው ሚና ያሳየው ግን ከሁሉ ይልቃል። ጃኪ ጨካኝ አይደለም፤ ወንድ ልጅ ቡጢና ኳስ እንጂ ባሌት አያውቅም የሚለው እምነቱ ከወረሳቸው ነገሮች አንዱ ነው። ዘፈንና ውዝዋዜን በበዓሉ እየወደደ ልጁ አዝማሪ ልሁን ሲለው የሚያፍር አባት በኢትዮጵያም የታወቀ ነውና፣ የጃኪ እፍረት ለዚህ አገር ተመልካች ትርጉም አያሻውም።

ይህን ያህል ከተባለ በኋላ የፊልሙን ድካም መሸፈን የሐያሲ ወግ አይደለም። አንደኛው ድካም፣ አድማው የተነሳበት ምክንያት በፊልሙ ውስጥ በሚገባ አለመገለጹ ነው። ፖሊስ ይታያል፣ ጩኸት ይሰማል፤ ጉድጓዶቹን ለመዝጋት የወሰነው ማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ግን የማያውቅ ተመልካች ሳያውቅ ይወጣል። ቶኒ የሚታገልለትን ዓላማ በቅጡ የሚያስረዳበት ትዕይንት ስላልተሰጠው አንዳንዴ ግልፍተኛ ብቻ ይመስላል። ሁለተኛው ድካም የለንደኑ የፈታኞች ጉባኤ ነው። የላይኛው መደብ ሰዎች በአንድ ቅርጽ የተፈለፈሉ ይመስላሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ጃኪን በአድማው መልካም ዕድል እንዲገጥመው ሲመኝለት ግን የዚያች ምኞት ባዶነት ትዕይንቱን በመጠኑ ያድነዋል።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ ፍጻሜው ነው። የመቀበያው ደብዳቤ ሲመጣ አባትየው በደስታ እየሮጠ ወደ ሠራተኞቹ ክበብ ይገባል፤ እዚያ የሚጠብቀው ግን አድማው መሸነፉን የሚገልጽ ዜና ነው። የአንዱ ድልና የሁሉ ሽንፈት በአንድ ደጃፍ ላይ ተገናኙ። ቢሊ በአውቶቡስ ይሄዳል፤ ቶኒ በመስኮቱ በኩል እንደሚናፍቀው ይነግረዋል፤ ቢሊ ግን አይሰማውም። ቀጥሎም አባትና ልጅ በአሳንሰር ወደ ጉድጓዱ ሲወርዱ ይታያሉ። ፊልሙ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምሉዕ ይሆን ነበር።

ነገር ግን ዓመታት ዘልሎ ወደ ለንደን ቴአትር ይወስደናል። ጃኪና ቶኒ በአዳራሹ ተቀምጠዋል፤ ያደገው ቢሊ፣ በታዋቂው ባለሙያ አዳም ኩፐር ተመስሎ፣ ማቲው ቦርን በ1995 ወንዶችን በነጭ ስዋኖቹ ሚና ባስደነሰበት የቻይኮቭስኪ ባሌት ውስጥ ወደ መድረክ ይዘላል፤ ፊልሙም በዝላዩ ላይ ይቆማል። ምስሉ ውብ ነው፤ ከጉድጓዱ መውረድ በኋላ የመጣ ዝላይ በመሆኑም ትርጉም አለው። ግን ጥያቄ ይቀራል። ፊልሙ የተቀረጸባት የኢዚንግተን መንደር ጉድጓድ በ1993 ተዘግቷል። ታዲያ እነዚያ ሁለት ሰዎች ወደ ለንደን የመጡት ከምን ሥራ ተነስተው ነው? ከቢሊ ጋር በአንድ መንገድ ያደጉት፣ ተሰጥዎ ያልታወቀላቸው ልጆችስ የት ገቡ? ፊልሙ አይናገርም። አንዱ ዘልሎ ሲያመልጥ ያጨበጨበ ተመልካች ቀሪዎቹን በጨለማ ውስጥ ረስቶ እንዲወጣ መንገድ ተከፍቶለታል። የቢሊ ዝላይ የአድማውን ሽንፈት የሚያካክስ ካሳ ሆኖ ከታየ፣ ፊልሙ ሳያስበው ለአሸናፊዎቹ ይመሰክራል፤ «ጎበዝ ከሆነ ያልፍለታል» የሚለውን የእነርሱን ስብከት ያጠናክራልና።

ደራሲውና አዘጋጁ ይህን ሳይገነዘቡት አልቀሩም። በ2005 በኤልተን ጆን ሙዚቃ ታጅቦ በለንደን ለመድረክ በበቃው ሙዚቃዊ ተውኔት የአድመኞቹ ድምፅ ጎልቶ ወጥቷል፤ ማዕድን ቆፋሪዎቹ ባለ መብራት ቆባቸውን ደፍተው እየዘመሩ ወደ ጉድጓዱ የሚወርዱበት ትዕይንትም በፍጻሜው አካባቢ የክብር ቦታውን አግኝቷል። ጉድለትን በመድረክ ማረም መቻል የቴአትር ሰዎች ዕድል ነው።

ከዚህ ፊልም የሚወሰደው ትምህርት እንግዲህ ተሰጥዎ ሁሉን ያሸንፋል የሚለው አይደለም። ፊልሙ ራሱ፣ ከፍጻሜው በተሻለ ብልኅነት፣ አንድ ዳንሰኛ እንዲወለድ ምን እንደሚያስፈልግ ቆጥሮ አሳይቷል፤ ጣሪያ ያለው አዳራሽ፣ ዋጋ የማትጠይቅ መምህርት፣ እፍረቱን የዋጠ አባት፣ ከሌላቸው ላይ የሰጡ ጎረቤቶች። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ብሪታንያዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ ከጎዳና ልጆች ጋር ሠርቶ «አዱኛ» የተሰኘው የዳንስ ቡድን መነሻ በተጣለ ጊዜም የታየው ይኸው ነው፤ ልጆቹ ተሰጥዎውን ይዘውት ነበር፣ የጎደላቸው አዳራሹና መምህሩ ነበር። ቢሊ አንድ ብቻ የሆነው ተሰጥዎ ብርቅ ስለሆነ አይደለም። የቀድሞው የባሌት ክፍል ማዕድ ቤት ባይሆን ኖሮ እርሱም ጓንቱን እንዳጠለቀ በቀረ ነበር። ስንቱ ጓንቱን እንዳጠለቀ ቀርቶ ይሆን?