«ሃፒ» ዘወትር «ደስተኛ» ነውን?

በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍሎቻችን «ሃፒ» የተባለው ቅጽል ብዙውን ጊዜ «ደስተኛ» ተብሎ ይተረጐማል። ትርጉሙ ስሕተት ነው አይባልም፤ ጐደሎ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ስለ ደነገገ፣ በልጅነት የተያዘ ጐደሎ ትርጉም መዘዙ ወደ ሌላውም ትምህርት ይደርሳል።

አማርኛ ተናጋሪ ልጅ የምሥራች ሲሰማ «ደስተኛ ነኝ» አይልም፤ «ደስ አለኝ» ይላል። «ደስተኛ» ይበልጡን የሚነገረው ስለ ሰው ጠባይ ነው። «ደስ አለኝ» ግን ግሥ ነው፤ በ«ኝ» የተመለከተው ሰውም ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው፤ ደስታው ወደ እርሱ መጣ እንጂ እርሱ ደስታውን አልሆነም። እንግሊዝኛው በአንጻሩ ሰውየውን ባለቤት ያደርገውና ቅጽሉን በ«አም» ያያይዝለታል። ልጁ «ደስ አለኝ»ን አስቦ «አይ ሃፒ» ብሎ ቢጽፍ፣ የተወው ቃል በራሱ አነጋገር ውስጥ ስፍራ ያልነበረው ነው። «አም»ን በቀይ ቀለም ጨምሮ ማለፍ የስሕተቱን ምንጭ አይነካም።

አገልግሎቱም አንድ ብቻ አይደለም። ጥንተ ሥሩ «ዕድል» ማለት ነበር። ዛሬ እንግሊዛዊው በሠራተኛው ሥራ «ሃፒ» ነኝ ቢል ረክቻለሁ፣ ለመርዳት «ሃፒ» ነኝ ቢል ፈቃደኛ ነኝ ማለቱ ነው። ለአዲስ ዓመት ሲለው ደግሞ የእኛው አቻ «እንኳን አደረሳችሁ» ነው፤ በዚህ ውስጥ ደስታ የሚል ቃል ከቶ የለም።

ቃልን ከነአገባቡ መስጠት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በጋይንት ቤተ ልሔም ተማሪው «ፍሥሓ»ንና «ሐሴት»ን የሚቀበለው ከነዜማውና ከነበዓሉ ነው፤ ለዐቢይ ጾም የተለየ ጾመ ድጓ አለው፤ በጾሙ ዝም ያለው ከበሮም በትንሣኤ ይመታል። በእርግጥ የዜማ ቤት የምሥጢሩን ትርጓሜ ለሌላ ጉባኤ ይተዋል። ይሁን እንጂ ተማሪው ቃሉ መቼ እንደሚባል አይስትም። ከዚያው አካባቢ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚገባው ልጅ ግን ትርጉሙን ብቻ፣ ያለ ተናጋሪና ያለ ጊዜ ይቀበላል።

ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ቅጽሉን በነጠላ ቃል ፍች ዝርዝር ከማስፈር ይልቅ፣ ማን ለማን መቼ እንደሚለው በሚያሳዩ ዐረፍተ ነገሮች ቢያቀርቡት ይሻላል። ፈተና አውጪዎችም «ደስ ያለው» ብሎ የመለሰውን ልጅ ነጥብ የሚነፍግ የመልስ ቁልፍ ከማዘጋጀት ቢቆጠቡ መልካም ነው፤ ከ«ደስተኛ» ይልቅ ወደ እንግሊዝኛው የቀረበው ብዙ ጊዜ እርሱ ነውና።